የተገለበጠው ትከሻዬ

ትከሻችሁን አሟችሁ ሸሚዛችሁን ሳያስወልቅ መድኃኒት የሚጽፍላችሁን ሰው አትመኑት። ይህችን አንዲት ነገር ለመማር እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን በአንድ ትንፋሽ አነበባችኋት። የቀረው ታሪክ ረጅም ነው፤ ቁጣም አለበት። ከዚያ ሁሉ መመላለስ አንድ ሰው እንኳ ቢተርፍበት ብዬ ጻፍሁት።

እንድሪስ እባላለሁ፤ የጎንደር ልጅ ነኝ። አባቴም ወንድሞቼም የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። እኔ ግን ሱቅ ተቀምጦ ጨርቅ መለካት አልሆንልኝ ስላለ በሃያ ሦስት ዓመቴ የጭነት ማኪና መሪ ጨበጥሁ፤ ስድሳ እስኪሞላኝም አልለቀቅሁትም። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል አዲ አርቃይ፣ ከዚያም አልፎ። የዛሬ ሾፌር መሪውን በአንድ ጣቱ ያዞረዋል። በእኛ ጊዜ ሊማሊሞ ላይ አንዷን ጠምዛዛ ለመዞር ከመቀመጫችን ብድግ ብለን በሁለት ክንዳችን እንታገል ነበር። ትከሻዬ ማለቅ የጀመረው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ሕመሙ ራሱን ያስታወቀኝ አዲ አርቃይ ላይ ነው። ጭነት አራግፌ የሸራውን ገመድ ሳጠብቅ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። አቃጠለኝ፤ እጄን አወዛወዝሁና ተነሥቼ ነዳሁ። ዳገቱን ስጨርስ ግን ማርሹን የምቀይረው በግራ እጄ ተሻግሬ ነበር። ባለቤቴ ከድጃ በሩ ላይ አየችኝና፣

«ምነው፣ ክንድህን ምን ነካው?» አለችኝ።

«ብርድ ነው» አልኋት።

አያችሁ፣ የመጀመሪያውን የተሳሳተ ምርመራ የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ከእኔ በኋላ የመጡት ግን ለዚሁ የሚከፈላቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ሪህ ነው» አለኝ፤ መርፌ ወጋኝና ሥጋ ከለከለኝ። አራት ወር ሙሉ ምስር በላሁ፤ ከዚያ ሁሉ ምስር የተጠቀመ ቢኖር ጥራጥሬ ሻጩ ብቻ ነው። ሁለተኛው ራጅ አስነሣኝና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ፣ «አጥንትዎ የወጣት ነው፤ ምንም የለብዎትም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገው። የታመመውን ትከሻ! ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት እንደማያሳይ የነገረኝ አልነበረም። ሦስተኛው «ከአንገት ነርቭ የመጣ ነው» አለና የአንገት መደገፊያ አሰረልኝ። ሦስት ወር አንገቴን ማዞር አቅቶኝ፣ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ መላ አካላቴን እየዞርሁ ኖርሁ።

በየቦታው ያለው ወረፋ ደግሞ የራሱ በሽታ ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ሄደህ ተራ ትይዛለህ፤ ካርድ ክፍል ሲከፈት ካርድህ ጠፍቷል። ካርዱ ሲገኝ ሐኪሙ ስብሰባ ገብቷል። ሐኪሙ ሲመጣ መብራት ሄዷል። አንድ ቀን ከአጠገቤ የተቀመጡ የእንፍራንዝ አዛውንት፣ «ልጄ፣ እኔስ ከበሽታዬ ይልቅ ይህ አግዳሚ ወንበር ጎኔን ገደለኝ» ብለው አሳቁኝ። በዚያ ዓመት የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ዓመት ቀኝ እጄ ወደ አፌ መድረስ እምቢ አለ። ከክርን በታች ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ጣቶቼ ይጨብጣሉ፤ ክንዴ ግን ከደረቴ በላይ አይነሣም። ጉርሻውን ጠቅልዬ እጄን ገበታው ላይ ትቼ፣ አንገቴን ደፍቼ በአፌ ልደርስበት እሞክር ነበር። በግራ መብላት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ ተቀምጦማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ሰርግ መሄድ ተውሁ፤ ቀጥሎ ለቅሶ ቤት ስሄድ ምግብ ሳይቀርብ መነሣት ጀመርሁ። ሰው «እንድሪስ ኮራ» አለ። ቤት ውስጥ ከድጃ ታጎርሰኛለች። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ ናት፤ ግን በየቀኑ እንደ ሕፃን መጉረስ ወንድን ያጎብጣል። እሷ በትዕግሥት ታጎርሰኛለች፤ እኔ በጨው እጣላታለሁ፤ በበርበሬው እጣላታለሁ።

በዚህ መሀል ነው ታላቅ ወንድሜ ሐጂ ሰይድ የመጣው። ሐጂ ሰይድ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤተሰቡ ራስ ነው፤ አንድ ነገር ካለ አለ ነው።

«ሐኪም ስለ ትከሻ ምን ያውቃል? አይከል አጠገብ ሸጋ ወጌሻ አለ። ስንቱን አንካሳ ያስሮጠ ሰው ነው። ነገ እንሄዳለን» አለኝ።

ሄድን። ወጌሻው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳበስ ዳበስ አደረገኝና «ወልቋል፤ ይገባል» አለ። ከዚያ መሬት ላይ አስተኝቶ እግሩን ብብቴ ውስጥ ተክሎ ክንዴን ሳበው። የሰማሁትን ድምፅ ዛሬም አልነግራችሁም። ስነቃ ወንድሜ ፊቴ ላይ ውኃ እየረጨ ነበር። ወጌሻው «ገብቷል» አለን። አልወጣም እኮ፣ ምኑ ነው የሚገባው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንዴ የኔ መሆኑን ረሳ፤ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቤት እንደደረስን ወንድሜን «አንተ ነህ ያሰነከልኸኝ» አልሁት፤ በልጆቹ ፊት። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከዓመት በላይ አልተነጋገርንም።

ልጄ ፈትያ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። እሷ ናት ከአንድ ባልደረባዋ ሰምታ፣ ትልቁ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም መምጣቷን የነገረችኝ። ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ ሳያት የፈትያ እኩያ መሰለችኝና ልቤ ወረደ። እሷ ግን ገና ከመቀመጤ፣

«ሸሚዝዎን ያውልቁ» አለችኝ።

«ለምን?» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ግራ ገብቶኝ ነው የጠየቅሁት።

«ትከሻዎን ላየው ነዋ!»

ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ትከሻዬን ገልጦ ያየው ሐኪም የለም። ከጀርባዬ ቆማ አየችው። ቀኝ ጀርባዬ ላይ ሥጋው ጎድጉዷል አለችኝ፤ አብራኝ የመጣችውን ፈትያን ጠርታም አሳየቻት። ከዚያ ክንዴን በራሷ እጅ ቀስ አድርጋ እስከ ጆሮዬ አነሣችው፤ «አሁን እዚህ ላይ ይያዙት» ብላ ለቀቀችው። ክንዴ ጉልበቴ ላይ ዱብ አለ።

«ሪህ አይደለም፤ ነርቭም አይደለም» አለችኝ። «ክንድን የሚያነሡት ጅማቶች ተበጥሰዋል። ቆይተው ወደ ውስጥ ስለሸሹ አይሰፉም። መገጣጠሚያውም ተበልቷል።»

አዲስ አበባ ሄጄ የተነሣሁት ኤምአርአይም፣ ጅማት ጭምር የሚያሳየው ትልቁ ማሽን ማለት ነው፣ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ደገመው።

መፍትሔው መገጣጠሚያውን በብረት መተካት ነው፤ ግን ገልብጦ። እንዲህ ነው ያስረዳችኝ፦ ትከሻ ማለት ኳስና ኩባያ ነው። ኳሱ የክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ነው፤ ኩባያው ከጀርባ በኩል ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ። ያንኑ ደግመው ቢሠሩት የሚያንቀሳቅሰው ጅማት ስለሌለ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ኳሱን ከኩባያው ቦታ፣ ኩባያውን ከኳሱ ቦታ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ከውጭ ያለው የትከሻ ጡንቻ ብቻውን ክንዱን ማንሣት ይችላል። እኔ የሞተር ሰው ስለሆንሁ ወዲያው ገባኝ። ከድጃ ግን፣

«አላህ አስተካክሎ ያስቀመጠውን እነሱ ይገለብጡታል?» አለች።

«አላህ ያስቀመጠውንማ እኔና ሰይድ አበላሸነው» አልኋት።

ማኪናዬን ሸጥሁ። ስለዚህ ብዙ አልልም። ከድጃ ለሁለት ቀን አኮረፈች፤ «ተሽጦ ባትድንስ?» አለችኝ። ፈትያ፣ «እማዬ፣ ባይሸጥስ በየትኛው እጁ ሊነዳው ነው?» ስትላት ነገሩ አበቃ።

አዲስ አበባ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም አልፎ አልፎ ከውጭ አገር የሚመጣ ነበር። ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ ሄድሁ፤ ደም ሰጠሁ፤ ጦሜን አደርሁ። ጠዋት ላይ አንዲት ነርስ መጥታ፣ «አባባ፣ የርስዎ ልክ የሆነው ብረት ጉምሩክ ላይ ነው» አለችኝ። ስኳር ወይም ሲሚንቶ ጉምሩክ ሲያዝ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ጭኜዋለሁ። ትከሻዬ ጉምሩክ ይያዛል ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ሐኪሙ ዳግም እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅሁ። በዚያ አምስት ወር ውስጥ የከተማው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጥቁር አዝሙድ ያዘዘልኝ አለ፤ የፍየል ቅልጥም ያዘዘልኝ አለ፤ አንዱማ ንብ አስነድፈው አለኝ።

በመጨረሻ ተሠራልኝ። ስነቃ ቀኝ ክንዴ የለም። በማደንዘዣ ደንዝዞ እንደሆነ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን የሚታወስ ነገር የለም። «ቆረጡት!» ብዬ ጮኽሁ። ፈትያ ግራ እጄን ይዛ በቀኝ ጣቶቼ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሞቃት ነበሩ። «አባዬ፣ ይኸው አለ» አለችኝ። እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ማንም የማይነግራችሁ። ሰው ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ በሽታው ያለቀ ይመስለዋል። ጎንደር ተመልሼ ስድስት ሳምንት ክንዴ በጨርቅ ማንገቻ ታስሮ ሆዴ ላይ ተለጥፎ ኖረ። ጋደም ማለት ስለማልችል ወንበር ላይ ተደግፌ ነው የምተኛው። እጅን ወደ ኋላ ማድረግ ክልክል ነው፤ ወንበር ተደግፎ መነሣት ክልክል ነው፤ ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ማንሣት ክልክል ነው። ከእነዚህ አንዱን ብረሳ ኳሱ ከኩባያው ይወጣል፤ ከወጣ እንደገና አዲስ አበባ፣ እንደገና ቢላዋ። ይህን በቀን ሃያ ጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ። አንድ ቀን ዝንብ ለማባረር ክንዴን ላነሣ ስል ራሴን ያዝሁት፤ ላብ አጠመቀኝ።

ጠያቂ ደግሞ አለ። አላህ ይስጣቸው፣ ሁሉም ተቆርቋሪ ናቸው። ግን የታመመ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ብረት ገብቶለት የሞተውን የአጎቱን ልጅ ታሪክ የሚተርክ ሰው ምን ይባላል? ሌላው «ብረቱ መብረቅ አይስብም?» ይለኛል። ሌላዋ ትራሴን አስተካክላለሁ ብላ ክንዴን ታነሣዋለች። ከድጃ መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ ቆማ፣ «አይነካም! አይነካም!» እያለች ሰው ማስገባት ጀመረች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ሰይድ ነበር። ሰላምታ ሰጠ፤ ተቀበልሁት። የአስር ሰላት ሰዓት ሲደርስ ልነሣ ስታገል አየኝ። ተነሥቶ የውዱእ ውኃ በማንቆርቆሪያ አመጣ፤ ሳፋ አመጣ፤ እጅጌውን ጠቀለለ። እጄን አጠበኝ፤ ፊቴን አጠበኝ፤ ጎንበስ ብሎ እግሬን አጠበኝ። ሰባኛ ዓመቱን ሊይዝ የደረሰ፣ ከተማው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሣለት ሰው ነው። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም ይቅርታ አላልሁትም። ሲወጣ፣ «ነገም በዚሁ ሰዓት እመጣለሁ» ብቻ አለ። ለአንድ ወር ያህል አንድ ቀን ሳያጓድል መጣ።

ማንገቻው ሲፈታ ፊዚዮቴራፒ ጀመርሁ፤ የደረቀን ክንድ በስፖርት ማላመድ ማለት ነው። የያዘችኝ ልጅ ሃና ትባላለች፤ ቀጭን ናት፤ ምሕረት የላትም። ግድግዳ ላይ በጣቶቼ እንድወጣ ታዘኛለች። ምልክት ታደርጋለች፤ ነገ ከምልክቱ በላይ ትላለች። እኔ እጮኻለሁ፤ እሷ ትቆጥራለች።

«ልጄ፣ አሞኛል እኮ!»

«አውቃለሁ አባባ። ስድስት።»

«ሰማሽኝ ወይ?»

«ሰማሁ። ሰባት።»

በሦስተኛው ወር፣ አርብ ቀን፣ መስጊድ በር ላይ የፈራሁት ደረሰ። አብሮኝ የነዳ አንድ የድሮ ሾፌር ከሩቅ አይቶኝ፣ «እንድሪስ! አለህ እንዴ!» ብሎ እየሮጠ መጣ። ሰው ሲናፍቀን ቀኝ እጅ ይዘን ትከሻ ለትከሻ እንደምንጋጭ ታውቃላችሁ። «ተው! ተው!» እያልሁ ነበር፤ እሱ ግን ናፍቆቱ ጆሮውን ደፍኖታል። አንዴ ገጨኝ፤ ደገመኝ። ዓይኔ ጨለመ። መሬት ላይ ቁጭ አልሁና ክንዴን ታቅፌ ስድብ አወረድሁበት፤ መስጊድ በር ላይ፣ አርብ ቀን። ምስኪኑ ሰውዬ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እሱም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ሆስፒታል የወሰደኝ ያው እሱ ነው። ራጅ እስኪታይ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ሁለታችንም አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

ዶክተር ሕይወት ፊልሙን አየችና፣ «ከቦታው አልተነቃነቀም። ግን ሰላምታዎን በአንገት ያድርጉት» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ግራ እጄን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ወደ ፊት ዘርግቼ ነው የምቀበለው። የተቀየመ ይቀየም።

ሳላስበው እየተሻለኝ መጣ። አንድ ጠዋት ከድጃ ሻይ አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ብርጭቆው ባዶ ነበር።

«በየትኛው እጅህ ጠጣኸው?» አለችኝ።

አላስተዋልሁም ነበር። ብርጭቆው ቀኝ እጄ ውስጥ ነበር። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተመልሳ ወጣች።

አልዋሻችሁም፤ እንደ ድሮው አልሆንሁም። ክንዴ ከትከሻዬ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በላይ ብረቱ «በቃህ» ይለኛል። የኋላ ኪሴን መንካት አልችልም። የጭነት ማኪና መሪ ዳግመኛ አልይዝም፤ ይህን ማለት ዛሬም ይከብደኛል። ግን እበላለሁ፤ ፊቴን እታጠባለሁ፤ ሸሚዜን እቆልፋለሁ፤ ለሰላት እጄን ወደ ጆሮዬ አነሣለሁ።

ባለፈው ክረምት ፈትያን ልሸኝ መናኸሪያ ሄጄ ሳለ አንዲት ከደባርቅ የመጣች ሽንኩርት ነጋዴ አየሁ። ከረጢቷን በግራዋ ትጎትታለች፤ ቀኝ ክንዷ ተንጠልጥሏል። ልጄን ሸኝቼ ወደ ሴትዮዋ ሄድሁ።

«እትዬ፣ ክንድሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ከበቅሎ ወድቄ ነው አያ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወጌሻ ዘንድ እየሄድሁ ነው።»

«ወጌሻ ዘንድ አትሄጂም» አልኋት።

«ምነው? አንቱን ምን አገባዎ?»

እውነቷን ነው፤ ምን አገባኝ? ግን አፌ አላርፍ አለ። እዚያው መናኸሪያው መሀል የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ጠባሳዬን አሳየኋት። ሰው ከበበን። አንዱ ጤነኛ አይደለም አለ። እሷ ግን ጠባሳውን ትኩር ብላ አየችው።

«ክንድዎ ይነሣል?»

አነሣሁላት።

ከረጢቷን አንድ ዘመዷ ዘንድ አስቀምጣ ተከተለችኝ። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብሬያት ተቀመጥሁ። ካርድ ክፍሉ ስሟን አበላሽቶ ጻፈው፤ ተጣላሁ። ወረፋዋን አንድ ሰው ዘለለ፤ ተጣላሁ። ገብታ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አቃተኝ። ዶክተር ሕይወት ተከትላት ወጣችና፣

«ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ጅማቱ አልሸሸም። ይሰፋል። ብረት አያስፈልጋትም» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተቆጣሁ፤ በማን ላይ እንደሆነም አላወቅሁም። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቷን በግራ እጇ አጣጠፈችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ፣ ምነው አንቱን ያን ጊዜ የሚያመጣ ሰው ጠፋ?» አለችኝ።

ተነሥቼ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዋን ለማስያዝ ወረፋ ያዝሁላት።